ክረምት ሲወጣ በዱከም፦ የበዓላትና የድርሻ ትዝታ

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ በሚወርደው አሮጌ ጎዳና ግራና ቀኝ የተቆረቆረች፣ በሰሜን ምሥራቅ የየረርን ተራራ፣ በደቡብ ደግሞ በሩቁ የዝቋላን ጉልላት የምታይ የኦሮሚያ ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት አንድም በጎዳናው ዳር በተደረደሩት ሉካንዳ ቤቶቿ፣ አንድም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተተከሉት ፋብሪካዎቿ ነው፤ እዚያ ተወልደው ላደጉ ሰዎች ግን የከተማዋ ትዝታ ይበልጡን የሚሰበሰበው በዓመቱ ሰባት ሳምንታት ላይ፣ ማለትም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው የክረምት መውጫ ላይ ነው። ቡሄ፣ ጳጉሜን፣ እንቁጣጣሽ፣ ደመራና ኢሬቻ አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚመጡት በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው። በዓላቱ ሊታወሱ የሚገባቸው በውበታቸው ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የሚሠራውን ድርሻ ይሰጡት ስለነበረ ጭምር ነው፤ ትንሿን የመንገድ ዳር ከተማ ማኅበረሰብ ያደረጋት ይኸው የድርሻ ሥርዓት ነበር።

የበዓላቱን ጠባይ ለመረዳት አስቀድሞ አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዱከም ያለችበት የአድአ ሜዳ በአብዛኛው ገበሬው ኮትቻ በሚለው፣ የአፈር ሳይንስ ደግሞ ቨርቲሶል ብሎ በሚጠራው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ሲሆን፣ ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው እግረኛውንም የጭነት አህያውንም ስለሚይዝ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ጉዞ ሁሉ ከባድ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ሰው ክረምቱን የሚያሳልፈው በእግሩ ሊደርስባቸው ከሚችሉ ጎረቤቶቹ ጋር ነበር። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፣ በነሐሴ ይታረማል፤ ሽምብራና ጓያ ግን ዝናቡ ሲቀንስ ተዘርተው አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ያድጋሉ። ስለዚህ ክረምቱ በሚወጣበት ጊዜ ማሳው ለምለም ቢሆንም ጎተራው እየጎደለ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ፣ የመጪው ዓመት እህል ገና በአገዳው ላይ ነው።

ይህ ሁኔታ የዱከምን የክረምት መውጫ በሌላው ዓለም ከሚታወቁት የበጋ መጨረሻ በዓላት ይለየዋል። በእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች፣ በፈረንጆች ነሐሴና መስከረም፣ ነዋሪው ያፈራውን አትክልትና የጋገረውን ኬክ ለውድድር ያቀርባል፣ ቤተ ክርስቲያኑንም በነዶና በፍራፍሬ አስጊጦ የመከር ምስጋና ያደርሳል፤ በዚያ አገር የታወቀው የዘመናዊው የመከር ምስጋና አጀማመር እ.ኤ.አ. በ1843 በኮርንዋል፣ በሞርዌንስቶ መንደር፣ ቄስ ሮበርት ስቲቨን ሆከር ካዘጋጁት አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ምስጋናው የሚቀርበው በእጅ ለገባ እህል ነው። በአድአ ሜዳ ግን ምስጋናው ከመከሩ ይቀድማል፤ ሰው የሚያመሰግነው ጨለማውንና ጎርፉን በሰላም ስለተሻገረ፣ እንዲሁም የበቀለው እንዲያፈራ ተስፋ ስለሚያደርግ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም የሚሰጠው ብዙ ሀብት ስለሌለው፣ በበዓላቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ነገር ሣር፣ አበባ፣ ችቦ፣ ዳቦ፣ ዜማና ጉልበት ነው። እነዚህ ደግሞ ድሀውም ሕፃኑም ሊሰጣቸው የሚችሉ ነገሮች በመሆናቸው፣ ከድርሻው የሚጎድል ሰው አልነበረም።

የሳምንታቱ መክፈቻ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ይህ በዓል በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት መታሰቢያ ነው። ወንዶች ልጆች ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብለው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ጅራፉ ሲጮኽ የሚሰማው ድምፅ በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል፣ በዋዜማው ማታ የሚበራው ችቦም የብርሃኑ ምሳሌ ነው። ልጆቹ በቡድን ሆነው በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ፣ እናቶች ለዚሁ ብለው የጋገሩትን ሙልሙል የተባለ ትንሽ ሞላላ ዳቦ ይሰጧቸዋል፤ በትውፊቱ መሠረት ይህ ዳቦ በዚያ ሌሊት ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ለቀሩ እረኞች ቤተሰቦቻቸው ይዘውላቸው የወጡትን እንጀራ ያስታውሳል። በአድአ ሜዳ እረኝነት የልጅ ሥራ በነበረበት ዘመን ይህ ታሪክ የሩቅ አልነበረም፤ በዝናብ ከብት ሲጠብቅ የከረመ ልጅ በቡሄ ማታ ድካሙ በአደባባይ ይታወቅለት ነበር። ቡሄ ካለፈ ክረምት እንደሌለ የሚቆጥረው የአማርኛ ብሂልም ለልጁ የመጽናኛ ቃል ነበር።

ቡሄ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ ማዕዱ ዳቦና ጠላ እንጂ ሥጋ አይደለም። ፍልሰታ የእመቤታችን የማርያም ዕርገት መታሰቢያ ሲሆን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙትና ቀትርን አልፎ በሚቆየው ቅዳሴ ለመቁረብ በብዛት የሚሰበሰቡበት ጾም ነው። በጥሬ ሥጋ ለምትታወቀው ዱከም ይህ ጾም የተለየ ትርጉም ነበረው፤ በሌላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቁርጥ ሊበላ የሚመጣው እንግዳ ይጠፋል፣ አብዛኞቹ ሉካንዳዎች ይዘጋሉ፣ ጎዳናውም ለነዋሪው ይለቀቃል። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ሉካንዳዎቹ ይከፈታሉ፣ መንገደኛውም ይመለሳል። ከተማዋ ለመንገደኛ የምትኖርበትና ለራሷ የምትኖርበት ጊዜ እንዲህ በቀን መቁጠሪያ ተለይቶ ይታወቅ ነበር።

በበዓላቱ መካከል ያሉት ቀናት የሥራ ቀናት ናቸው። የጤፍ አረም ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በአማርኛ ደቦ፣ በኦሮምኛ ጅጊ በሚባለው የመረዳዳት ልማድ ተራ በተራ በአንዱ ማሳ ላይ ይሰበሰቡ ነበር፤ የማሳው ባለቤት ምግብና መጠጥ ያቀርባል፣ በተራውም ለሌላው ጉልበቱን ይከፍላል። ከዱከም ነዋሪ ብዙው አንድ እግሩ በንግድ፣ አንድ እግሩ በእርሻ የነበረ በመሆኑ፣ የከተማ ልጅም ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በእነዚህ ወራት ወደ ዘመዶቹ ማሳ ይወርድ ነበር። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ልጅ አፍ እየተፈራረቁ የሚነገሩት በዚህ የጋራ ሥራ መካከል ስለነበር፣ በአካባቢው ሁለት ቋንቋ መቻል እንደ ልዩ ችሎታ አይቆጠርም ነበር።

መንግሥታትም በክረምቱና በመውጫው ላይ የየራሳቸውን በዓል ጨምረዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሐምሌ 16፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፣ የክረምቱ ታላቅ የመንግሥት በዓል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ግን ያው መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆኖ እስከ ደርግ ፍጻሜ ድረስ በየዓመቱ ተከብሯል። በእንቁጣጣሽ ማግስት የቀበሌ ነዋሪ በመፈክርና በባንዲራ ለሰልፍ ይጠራ ነበር። ከሥርዓቱ ጋር ሰልፉም ቆመ፤ በአንጻሩ ከዚያው ዘመን በብዙዎች ልብ ውስጥ የቀረው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ፣ ተማሪው ጎረቤቱን ፊደል ያስቆጠረበት ነበር። ሁለቱን ማነጻጸር አንድ ነገር ያስተምራል። ሰልፉ ከሰው የፈለገው መገኘቱን ነበር፣ ዘመቻው ግን ለአንዱ ማስተማርን፣ ለሌላው መማርን ሰጠው፤ ትዝታ የሚጣበቀው ሰው እጁን ባስገባበት ነገር ላይ ነው።

ከነሐሴ ቀጥላ የምትመጣው ጳጉሜን ናት። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀናት ስላሏቸው፣ ቀሪዎቹ 5 ቀናት፣ በየ4 ዓመቱም 6 ቀናት፣ ለብቻቸው ተለይተው 13ኛ ወር ይሆናሉ። ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ሲሆን፣ በዚያ ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየዘለሉ ይጠመቁበታል፣ እናቶችም ውኃውን በዕቃ ይቀበላሉ። በክረምቱ ሁሉ ዝናብ የሚሸሹት፣ ጭቃ የሚያመጣ፣ ሥራ የሚያስፈታ ነበር፤ በዚህች ቀን ግን ያው ዝናብ እንደ በረከት ይወጡለታል። ሰው ከክረምቱ ጋር የሚታረቀው በዚህ ዕለት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ቀሪዎቹ የጳጉሜን ቀናት ቤት የሚለቀለቅባቸው፣ ጠላ የሚጠመቅባቸው፣ ለልጆች አዲስ ልብስ የሚገዛባቸው፣ የአሮጌው ዓመት ቂም በሽማግሌ ፊት የሚፈታባቸው ቀናት ነበሩ።

መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ወይም ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። ቡሄ የወንዶች ልጆች እንደሆነ ሁሉ እንቁጣጣሽ የልጃገረዶች ነው። ልጃገረዶቹ በዋዜማው ወደ መስክ ወርደው ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይሰበስባሉ፤ አደይ አበባ ክረምቱ ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብስ፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ኬሎ የሚባል አበባ ነው። በማግስቱ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው፣ አበባየሆሽን እየዘፈኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ለየቤቱም እንግጫ የተባለውን ሣርና አበባ ይሰጣሉ። ወንዶቹ ልጆች በበኩላቸው በወረቀት ላይ የሳሏቸውን የአበባና የመላእክት ሥዕሎች ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ። አዋቂው የሚሰጣቸው ሳንቲም የምስጋና ምልክት እንጂ የሥዕሉ ዋጋ አይደለም፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ስጦታ ከልጅ ወደ አዋቂ መሄዱ የበዓሉ ጥልቅ ቁም ነገር ነው።

የአባወራዎቹ ድርሻ ቅርጫ ነበር። ቅርጫ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ገዝተው የሚያርዱበትና ሥጋውን እኩል የሚካፈሉበት ልማድ ሲሆን፣ አንዱ ድርሻ መደብ ይባላል። አራጁና ረዳቶቹ ሥጋውን በኮባ ቅጠል ወይም በሣር ላይ ዘርግተው፣ ከየብልቱ ለሁሉም መደብ እንዲዳረስ ከደለደሉ በኋላ፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል፤ ሽንጡም ጎድኑም ጨጓራውም ለሀብታሙና ለድሀው በአንድ መጠን ይደርሳል። ጎተራ በሚጎድልበት በዚህ ወቅት ለብቻው በሬ ማረድ የሚችል ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ ቅርጫው ችግርን ወደ ጉርብትና የለወጠ ሥርዓት ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት መዋጮውን ባትችል እንኳ መደብ ይታሰብላት ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶች የራሳቸውን ለይተው ያርዱ ነበር፤ ሆኖም የእንቁጣጣሽ ዳቦና ቡና የሃይማኖት ድንበር ስላልነበረው ደስታውን ከመካፈል የሚከለክላቸው አልነበረም፣ የእነርሱ ዒድ በሚደርስበት ጊዜም ብድሩ ይመለስ ነበር።

መስከረም 16 ቀን ደመራ፣ በማግስቱም መስቀል ይከበራል። ንግሥት እሌኒ የክርስቶስን መስቀል ያገኘችበት መታሰቢያ የሆነው ይህ በዓል ኅዳር 2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚከበረው በመላው ዓለም ይታወቃል። በትንሽ ከተማ ግን ደመራው የየሠፈሩ ነው። ወጣቶች እንጨት ያሰባስባሉ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ችቦውን ይዞ ወጥቶ ደመራው ላይ ይደምራል፤ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ጉባ የሚባለው የዚህ ዋዜማ እሳት በከተማው ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም በየደጁ ይለኮስ ነበር። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ሽማግሌዎች ምሰሶው ወደየት አቅጣጫ እንደሚወድቅ አይተው የዓመቱን መልካምነት ይገምታሉ፤ ማለዳም ሰው አመዱን በግንባሩ ይቀባል።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የሚመጣው ኢሬቻ የሳምንታቱ ፍጻሜ ነው። ኢሬቻ የኦሮሞ ሕዝብ ለዋቃ፣ ማለትም ለፈጣሪ፣ ምስጋና የሚያቀርብበት ሥርዓት ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ በበልግ መግቢያ በተራራ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ ቱሉ፣ በክረምት መውጫ በውኃ ዳር የሚከበረው ደግሞ ኢሬቻ መልካ ይባላል። ከዱከም 10 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቢሾፍቱ ያለው የሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የኢሬቻ መልካ ዋነኛ ሥፍራ ነው። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፣ ያገቡ ሴቶች የክብራቸውና የመብታቸው ምልክት የሆነውን ሲንቄ የተባለ በትር ይዘው በዜማ ይቀድማሉ፣ ሕዝቡም እርጥብ ሣርና አበባ ውኃ እያስነካ ያመሰግናል። በደርግ ዘመን በአደባባይ መከበሩ ተገድቦ የቆየው ይህ በዓል ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ እየሰፋ ሄዶ በዓለም ከታወቁት የምስጋና በዓላት አንዱ ሆኗል፤ መሠረቱ የሆነው የገዳ ሥርዓትም ኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

የዱከም ድርሻ በዚህ በዓል የደጅነት ነው። ከአዲስ አበባና ከምዕራብ አገር የሚመጣው ሕዝብ ወደ ሆራ የሚወርደው በእርሷ ጎዳና በመሆኑ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ነጭ ልብስ የለበሰ መንገደኛ በመኪናም በእግርም ያልፍባታል። በሌላው ጊዜ መንገደኛ ደንበኛ ነው፣ በኢሬቻ ግን እንግዳ ነው፤ ውኃ የሚያቀርብለት፣ የሚያሳድረው፣ አብሮት የሚዘፍንና አብሮት የሚወርድ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። በቡሄ ለልጆቿ፣ በእንቁጣጣሽ ለጎረቤቶቿ በሯን የከፈተችው ከተማ በኢሬቻ ለመላው አገር ትከፍታለች፤ ክበቡ ከቤት ወደ ሠፈር፣ ከሠፈር ወደ ሕዝብ እየሰፋ የሚሄድበት ይህ ሥርዓት በማንም ዕቅድ የተሠራ ባይሆንም እጅግ የተዋጣ ነበር።

ይህ ትዝታ ሐዘንም አለበት። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በሆራ አርሰዲ በበዓሉ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጋዝ ከተኮሱ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ፣ መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለምስጋና ወርደው ያልተመለሱት ሰዎች ያለፉት በዱከምና በመሰል ከተሞች ጎዳና ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 25፣ በዚያው ሜዳ የሚያልፈው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። የአንድ ሳምንት ሐዘንና ምረቃ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው፣ አካባቢው በምን ያህል ፍጥነትና በምን ያህል ሥቃይ ሲለወጥ እንደነበር ያሳያል።

ለውጡ በእርግጥም ፈጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር በሜዳው በሚያልፍበት ዘመን ዱከም ትንሽ የመንገድ ማረፊያ ነበረች። ከ2000 ዓ.ም. አንሥቶ በቻይና ባለሀብቶች የተገነባው ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ መንደር፣ የጤፍ ማሳዎችን ተክቶ ቆመ፤ በ2004 ዓ.ም. የሁአጂያን ጫማ ፋብሪካ በውስጡ ሥራ ጀመረ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችም ከየአገሩ መጡ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ደግሞ ብዙውን መንገደኛ ከአሮጌው ጎዳና ወሰደ። እርሻውም ራሱ ተለውጧል፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ በአድአ ገበሬ ማሳ በስፋት ገብቷል። ሥራ፣ ገቢና መንገድ መምጣታቸው በረከት ነው፤ ከማሳው የተነሣ ገበሬ የከፈለው ዋጋም መዘንጋት የለበትም።

በዓላቱ ግን አልጠፉም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ደምቀዋል። የጠፋው በውስጣቸው የነበረው ድርሻ ነው። ሙልሙሉ ከዳቦ ቤት፣ ችቦው ከገበያ፣ የልጆቹ ሥዕል ከማተሚያ ቤት ሲገዛ፣ ቅርጫውን አዘጋጅ ነጋዴ ሲተካው፣ ደመራውም በመድረክና በድምፅ ማጉያ ሲመራ፣ ነዋሪው ከሠሪነት ወደ ተመልካችነት ይሸጋገራል። ተመልካች በዓሉን ያየዋል፣ በስልኩም ያነሣዋል፣ ነገር ግን በዓሉ ያለ እርሱ ሊከበር እንደሚችል ስለሚያውቅ የእኔ ነው አይለውም። በተለይ በኪራይ ክፍል የሚኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ በዕድርም በቅርጫም ሳይገባ፣ በዚያ ሁሉ ድምቀት መካከል ብቻውን በዓል የሚውልባቸው ዓመታት ማለፋቸው ለአንድ እንግዳ ተቀባይ ከተማ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ይህን ማቃናት ግን ከአቅም በላይ አይደለም፤ የድሮውን ሥርዓት ያቆመው ልማድ እንጂ ሀብት አልነበረምና። ዕድር፣ ማለትም ለሐዘንና ለችግር የተቋቋመው የጎረቤት ማኅበር፣ ተከራዩን በአነስተኛ መዋጮ ቢያስገባው፣ ቅርጫው ለአንድ ግቢ ወጣቶች አንድ የጋራ መደብ ቢያስብ፣ ትምህርት ቤቶች በመስከረም ሲከፈቱ ልጆች የጅራፉን አገማመድ፣ የችቦውን አሠራርና የእንግጫውን ዓይነት ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢደረግ፣ ድርሻው ይመለሳል። አዲሶቹ ነዋሪዎችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ከወላይታ የመጣው የጊፋታን፣ ከጉራጌ የመጣው የመስቀልን፣ ከጎጃም የመጣችው የእንግጫ ነቀላን ልማድ ይዘው መጥተዋል፣ እነዚህ ሁሉ ደግሞ የክረምት መውጫ በዓላት ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ማሳ ላይ የተለማመዱባት ከተማ ለእነዚህም ቦታ አታጣም። የአንዲት ከተማ ትዝታ በሐውልትና በፎቶግራፍ ብቻ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው በየዓመቱ ለአዲስ ልጅና ለአዲስ ጎረቤት የሚሠራ ነገር በመስጠት ነው፣ ዛሬ ዳቦ የጋገረላቸውን፣ መደብ የቆረሰላቸውን፣ ችቦ ያስያዛቸውን የሚያስታውሱ ልጆች ነገ ዱከምን አገሬ ይሏታልና።